የሞንቴሶሪ ታፔላ፣ የፊደል ዜማና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ከፒያሳ አንዲት እናት በሰፈራቸው «ሞንቴሶሪ» (ልጆች በመሣሪያ እየሠሩ በራሳቸው የሚማሩበት ዘዴ) የሚል ታፔላ የሰቀለ መዋዕለ ሕፃናት እንዳለ ጽፈዋል። ክፍያው ከሌሎቹ ስለሚበልጥ እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ ይላሉ።

ታፔላው ምንም አያረጋግጥም፤ ስሙን የፈለገ ሁሉ ይሰቅለዋል። ይልቅ ጠዋት ገብተው አንድ ሰዓት ዝም ብለው ለመቀመጥ ይጠይቁ። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉት በአንድ ክፍል አብረው ይማራሉ? መደርደሪያው የልጅ እጅ የሚደርስበት ነው? የዘዴው መሣሪያ የሆኑትን፣ ሮዝ ቀለም የተቀቡትን 10 የእንጨት ኩቦች ይፈልጉ፤ የትንሹ ጎን 1፣ የትልቁ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠርዛቸው ላይ ቀለሙ ለቆ ከሆነ ልጆች ይሠሩባቸዋል። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፈው ካዩ ግን ለእንግዳ የተገዙ ናቸውና ተጨማሪውን ገንዘብ አይክፈሉ።

ልጄ በግራ እጁ ይጽፋል፤ ላስተወው? (ከካዛንቺስ)

አይንኩት፤ የደብተሩን አናት ብቻ ወደ ቀኝ ያዘንብሉለት።

ከአራት ኪሎ አንድ አባት፦ የ5 ዓመት ልጃቸው ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳትስት ትወርዳለች፤ መጽሐፍ ላይ «ቤት» የሚለውን ግን አታውቀውም።

የያዘችው ዜማውን ነው። ይህ የቆየ ችግር ነው፤ በቄስ ትምህርት ቤት ሀሁን የጨረሰ ልጅ «አቡጊዳ»ን (ተራው የተቀያየረውን ፊደል) የሚቆጥረው ፊደሉን በተራው ሳይሆን በመልኩ እንዲለይ ነው። ዛሬ በብዙ መዋዕለ ሕፃናት ዜማው ብቻ ተይዞ መለየቱ ተረስቷል፤ ያሳዝነኛል።

ብርጭቆ ወረቀት ገዝተው በ፣ ለ፣ አን ቆርጠው በካርቶን ላይ ይለጥፉ። ለ እና ሰ ስለሚመሳሰሉ በአንድ ቀን አይምጡ። በሁለት ጣቷ እየዳበሰች «ይህ በ ነው» ይበሏት። ቀጥሎ «በ የቱ ነው?» ብለው ደጋግመው ያስመርጧት። «ይህ ምንድን ነው?» የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወደዚህ ሲቸኩል ነው። ከሳተች አይቆጧት፣ ወደ ማስመረጡ ይመለሱ። ባ እና ላ ሲጨመሩ «ላባ»፣ «በላ»፣ «አበባ» ታነባለች። ካዕብን ቡ፣ ሉ፣ ሱ፣ ኩ ብለው በአንድነት ያሳዩ፤ ጭረቱ ሁሉም ላይ በወገባቸው በስተቀኝ ነው። ሩ እና ፉ ስለሚለዩ ይቆዩ። ሳድስ ወጥ ምልክት ስለሌለው መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ «ቤት» ውስጥ ያለችው ትም ሳድስ ናት።

ከልደታ አንዲት መምህርት፦ 60 ተማሪ አለኝ፣ በቡድን ሥራ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ይገለብጣሉ።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ስለሚሰጥ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤሊየት አሮንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ የጀመረውን ዘዴ ይሞክሩ። ምንባቡን በ4 ይክፈሉ፣ አራት አራት ሆነው 15 ቡድን ይሁኑ፣ በየቡድኑ እያንዳንዱ ልጅ ከምንባቡ አንድ ክፍል ይያዝ። ተመሳሳይ ክፍል የያዙት 15 ልጆች በአንድ ላይ ብዙ ናቸውና አምስት አምስት ሆነው 10 ደቂቃ ይወያዩ። ከዚያ ወደ ቡድናቸው ተመልሰው ያስረዱ። ማርኩ ግን የግል ይሁን፤ የቡድን ማርክ ከሰጡ መገልበጡ ይመለሳል።

ከመርካቶ አክስት፦ የ3ኛ ክፍል ልጅ ከሰሌዳ ሲገለብጥ መስመር ይዘላል፣ ሰነፍ ተብሏል።

ሰነፍ ማለቱ ይቁም። ዓይኑና ጆሮው በዚህ ሳምንት ይታይ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው። እስከዚያ ፊተኛው ዴስክ ላይ ይቀመጥ። ስለ ማስተማሪያ ዘዴ የምመልስልዎ የምርመራውን ውጤት ሲጽፉልኝ ነው፤ ከዚያ በፊት አስጠኚ አይቅጠሩ።