ቤት አድሶ መሸጥ፦ ያወጣሽው ይመለሳል ወይ?

እህቴ፣ «ፎቅ ቤቴን ከ2 ዓመት በኋላ ልሸጠው አስቤያለሁ፤ አሁን ኩሽናውንና ሻወር ቤቱን ባድስ ያወጣሁት ይመለስልኛል?» ብለሽ ለጠየቅሽው የራሴን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ሁሉም አይመለስም። የቱ እንደሚመለስ ግን ቀድሞ መገመት ይቻላል። እኔ እስካሁን ሁለት ቤት አድሼ ሸጫለሁ። አንዱ አከሰረኝ፣ አንዱ ጥሩ አድርጎ ካሰኝ። ብዙ ያወጣሁት በከሰርኩበት ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቤት ዓይኔ ያረፈው ሴራሚክ ላይ ነበር። ትልልቁንና የሚያብረቀርቀውን መርጬ ሻወር ቤቱን ከወለል እስከ ኮርኒስ አስለበጥኩ። ከሥሩ ያለውን አሮጌ ቧንቧ ግን አልነካሁትም፤ «እስካሁን ምን ሆነና» ብዬ። ገዢው መጣ። ኩሽናውን «ጥሩ ነው» ብሎ አለፈው። ሻወር ቤቱ በር ጋ ሲደርስ ቁጢጥ አለና የኮሪደሩን ግድግዳ ከታች በኩል በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ቀለሙ እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። ከሥሩ ልስኑ እርጥብ ነበር። ሰውዬው አልተከራከረኝም። ሴራሚኩን የማንሳቱን፣ የቧንቧውንና መልሶ የመለበጡን ወጪ ደምሮ ከዋጋው ላይ ቀነሰ። ለዚያ ሴራሚክ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ ማለት ነው፤ አንዴ ሳስለብጠው፣ አንዴ ሊፈርስ ሲል።

ከዚያ በኋላ የገባኝ ነገር፣ ገዢ የሚከፍለው ለእኔ ምርጫ አለመሆኑ ነው። የወደድሽውን ቀለም እሱ ሊጠላው ይችላል። የሚያስፈራው ነገር ካየ ግን ያለ ርህራሄ ይቀንስብሻል፤ ደግሞ የሚቀንሰው ጥገናው ከሚፈጀው በላይ ነው፣ ምክንያቱም ያላየውንም አብሮ ይገምታል። ስለዚህ ገንዘብሽን መጀመሪያ ጣሪያው፣ አሸንዳው፣ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ አውጪ። በነገራችን ላይ፣ ግድግዳ ራሰ ብለሽ ቀለም ቀቢ ከመጥራትሽ በፊት አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ እንደሆነ እዪ። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ብዙም ሳይቆይ ይላጣል።

በሁለተኛው ቤት ሻወር ቤቱን አፍርሼ ከሥር ጀመርኩ። አዲሱ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ከመቀበሩ በፊት በግፊት ተፈተሸ። ከሴራሚኩ በፊት ወለሉና የግድግዳው ግርጌ ውሃ መከላከያ ተቀባ። ሲደርቅ የፍሳሹን ቀዳዳ ደፍነን ወለሉ ላይ ውሃ አቆርንና 24 ሰዓት ተውነው። ሠራተኞቹ ሳቁብኝ። በማግስቱ ታች ወርደን ስናይ ከኮርኒሱ ጥግ ጠብ ጠብ ይላል! መከላከያው በፍሳሹ አፍ ዙሪያ በደንብ አልተያዘም ነበር። የአንድ ቀን ሥራ ሆኖ አለፈ። ሴራሚክ ከተለበጠ በኋላ ቢሆን ኖሮ አስቢው። ቧንቧዎቹንም ከመሸፈናቸው በፊት አጠገባቸው ሜትር ዘርግቼ ፎቶ አነሳኋቸው። ያንን ፎቶ ለገዢው ሳሳየው ፊቱ ሲፈታ አይቻለሁ።

ኩሽናውን በተመለከተ፣ ባታፈርሺው እመክርሻለሁ። የካቢኔቱ ሳጥን ደህና ከሆነ በሮቹን፣ እጀታዎቹንና የላዩን ጠረጴዛ ብቻ ቀይሪ። የዕቃ ማጠቢያውን ቦታ አታዛውሪ፤ ፍሳሹ ተዳፋት ስለሚፈልግ ወለል ወደ መቆፈር ትገቢያለሽ። ምድጃና የውሃ ማሞቂያ ግን የየራሳቸው መስመርና ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መብራቱን ራሱ የሚቆርጠው) ይኑራቸው። ለመብራት የተዘረጋ ቀጭን፣ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ምድጃ የሚያገናኝ ኤሌክትሪሺያን ካየሽ በጊዜ ሸኚው።

ሁለት መኝታ ቤት አንድ ለማድረግ የሚያስቡም አሉ። ለመኖር ይመች ይሆናል፤ ለመሸጥ ግን የመኝታ ቤት ቁጥር መቀነስ ብዙ ጊዜ ዋጋ ያወርዳል። ግድግዳውም ጭነት የተሸከመ ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ሳያየው መዶሻ አይነካውም። ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ክፍልም በሽያጭ ጊዜ ጣጣ ያመጣል። ደግሞ ቤትሽን የቱንም ያህል ብታሳምሪው፣ የአካባቢው ቤቶች ከሚሸጡበት ብዙ ዘሎ የሚከፍልሽ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ወጪውን ስታሰቢ፣ አሮጌ ቤት ከሆነ ከ15 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ ያዢ። ግድግዳ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። ሴራሚክ 10 በመቶ ያህል ጨምረሽ፣ የካርቶኖቹ የምርት ቁጥር ተመሳሳይ መሆኑን አይተሽ በአንዴ ግዢ፤ በኋላ የሚመጣው ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ክፍያው ሥራው በደረሰበት ልክ ይሁን፣ የመጨረሻው 10 በመቶ ደግሞ ውሃው ተከፍቶ ጥቂት ሳምንት እስኪታይ እጅሽ ላይ ይቆይ። እኔን ከሁሉ በላይ የጎዳኝ መሃል ላይ «እስቲ ይሄንንም እንቀይረው» ማለቴ ነው። የተሠራ ማፍረስ የእጅ ዋጋ አለው፣ የተገዛ ዕቃም ተመላሽ ላይሆን ይችላል።

ከመጀመርሽ በፊት ሁለት የማይተዋወቁ ደላሎችን አምጥተሽ «እንዳለ ስንት ያወጣል? ቢታደስስ?» በያቸው። ልዩነቱ ከእድሳቱ ወጪ ካነሰ ተዪው። አንቺ ግን ገና 2 ዓመት ትኖሪበታለሽ፤ የምትገለገዪበትም ሒሳብ ውስጥ ይግባ። በአንቺ ቦታ ብሆን ዘንድሮ የውሃውንና የመብራቱን መስመር ጨርሼ፣ ቀለሙን ለሽያጩ ዋዜማ አቆየው ነበር።

እስከዚያው ከሻወር ቤቱ ሥር ያለውን ኮርኒስ ቀና ብለሽ እዪው። ቡናማ ክብ ነገር ካለ ፎቶውን እዚሁ ለጥፊልን።