«ተበጅቶለታል» ማለት ተሠራ ነው ወይስ ገንዘብ ተያዘለት?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ አካባቢ ነው። መንደራችን ውስጥ «ለሠፈሩ የጎርፍ መውረጃ ተበጅቶለታል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቦዩን ግን አላየሁም። ጎረቤቴ «በጀት ተያዘለት ማለታቸው ነው፤ በጀት የሚለው ቃልም የመጣው ከማበጀት ነው» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ በምንጩ ጎረቤትዎ ተሳስተዋል። «በጀት» ከእንግሊዝኛ የተዋስነው ነው፤ እንግሊዝኛውም ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ወስዶታል፤ በዚያ ትንሽ የቆዳ ከረጢት ማለት ነበር። «አበጀ» የራሳችን ግስ ነው፤ ሠራ፣ አዘጋጀ ማለት ነው። የ«ማበጀት» መጨረሻ «ት» በ«መስጠት» እንዳለው ሁሉ የግሱ ሥር አይደለም። የ«በጀት» «ት» ግን ሥር ሆኖ ስለተቆጠረ «በጀተ፣ ተበጀተ» ብለን ግስ አወጣንለት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «ተበጀ» እና «ተበጀተ» ይለያያሉ፤ «ይበጃል» እና «ይበጀታል»ም እንዲሁ። «ተበጅቶ» ላይ ሲደርሱ ግን አንዱ የ«ተሰጥቶ»ን፣ ሌላው የ«ተፈልጎ»ን መንገድ ይዘው ይመጡና በጽሑፍ አንድ ይሆናሉ። በንግግር ማጥበቅና ማላላት ይረዳን ይሆናል፤ ፊደላችን ያንን አያሳይም። ስለዚህ ማስታወቂያው ሁለቱንም ይላል፤ ጎረቤትዎ የገመቱትም ያስኬዳል።

በእናንተ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የበጀት ዓመታችን ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ አዲሱ ገንዘብና ክረምቱ አብረው ይገባሉ ማለት ነው። «ተበጅቶለታል» የሚለውን አንብባ ቦዩ ተሠርቷል ብላ ልጆቿን በእርጋታ የምታስተኛ እናት አለች፤ ጸሐፊው እሷን ማሰብ አለበት።

የፋይናንስ ሰዎች ደረጃዎቹን የሚለዩባቸው ቃላት አሏቸው፦ በጀት በረቂቅ ይያዛል፣ በምክር ቤት ይጸድቃል፣ ይለቀቃል፣ ከዚያ ወጪ ይሆናል። እስከ ሰኔ 30 ያልተሠራበት ተመላሽ ይሆናል። የጸደቀ ሁሉ አልተለቀቀም፤ የተለቀቀ ሁሉም አልተሠራበትም። ሕዝቡ ገንዘቡ የት እንደደረሰ መጠየቅ የሚችለው እነዚህ ቃላት ሳይደባለቁ ሲነገሩት ነው።

ማስታወቂያው እንዲህ ቢጻፍ ማንም አይሳሳትም፦ «ለጎርፍ መውረጃው ግንባታ ከካፒታል በጀት ገንዘብ ጸድቋል፤ ሥራው ገና አልተጀመረም።»