ቴሌቪዥኑ፣ ታብሌቱና የአያት ተረት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች

መዋለ ሕፃናት ውስጥ ስለሚገቡ ስክሪኖች ከወላጆችም ከመምህራንም ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ አምስቱን ልመልስ።

ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ፋብሪካ ስለምሠራ በጠዋት መዋለ ሕፃናት አድርሼው እሄዳለሁ። ክፍላቸው ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፤ እስከ ምሳ የእንግሊዝኛ ካርቱን ይከፈትላቸዋል። መምህሯ «እንግሊዝኛ እየለመደ ነው» ትለኛለች። እውነትም ቀለማትን በእንግሊዝኛ ይጠራል። ቤት ሲመጣ ግን ዝም ይላል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ የከነከነሽ ነገር ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ቁጭ ብለው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። ይሄ የቤቱም የክፍሉም ተደምሮ ነው። ልጅሽ የቀኑን ድርሻ ገና ረፋድ ላይ ይጨርሳል ማለት ነው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ አንድ ጥናት ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩል የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ የዘጠኝ ወር ሕፃናትን ማንዳሪን ቻይንኛ አሰሟቸው። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያጫወተ ያናገራቸው ሕፃናት የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ ንግግር በቪዲዮ ያዩት ግን አልቻሉም። ያንቺ ልጅ ከእነሱ ይበልጣል፤ ከቪዲዮም ቃል ይይዛል። ግን ቃል መያዝና ማውራት ይለያያሉ። ልጅ ማውራት የሚለምደው መልሱን የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነው። ካርቱኑ ልጁ መለሰ አልመለሰ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

ዝምታውን በቴሌቪዥኑ ብቻ አላመካኝም። ደክሞት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ ወይም በአማርኛም ቃላት አያይዞ የማይናገር ከሆነ ሐኪም ጆሮውንና ንግግሩን ይይለት። ይሄን አታቆዪው።

መምህሯን አትቆጫት። ክፍል ሙሉ ሕፃን ይዛ ብቻዋን የምትውል ሰው ቴሌቪዥን ብትከፍት አይፈረድባትም። ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆናችሁ ለባለቤቱ ንገሩት፤ ረዳት ይቅጠርላት። ካርቱን የግድ ከሆነም አጭር ይሁን። መሐል ላይ ታቁምና «አሁን ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ትበላቸው። ሲያልቅም ይጠፋ።

ደሴ መንግሥት ትምህርት ቤት የኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው) መምህርት ነኝ፤ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ልጆቹ ብዙ ናቸው። ያለኝ የራሴ ስልክ ብቻ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ዝናቡ ሲወርድ ሜዳ መውጣት አይቻልም። በስልኬ ምን ልሥራላቸው?

ይሄን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ስልክሽን የሚታይ ሳይሆን የሚሰማ ነገር አድርጊው። ለዚያ ሁሉ ልጅ መዳፍ የምታህል ስክሪን ማሳየት ግፊያና ለቅሶ ነው የሚያመጣው። ድምፅ ግን ለሁሉም እኩል ይደርሳል።

ልጆቹ አያት አላቸው። ፈቃደኛ የሆኑ አያቶችን ጠይቂና ተረታቸውን በስልክሽ ቅጂ። ክፍል ስትገቢ «ተረት ተረት» የሚለው የእማማ ድምፅ ሲወጣ፣ ልጆቹ «የመሠረት» ብለው ይመልሱ። ጅቡ ከመምጣቱ በፊት አቁሚውና ቀጣዩን እነሱ ይናገሩ። የተረቱ ባለቤት የልጅ ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ ካለ ደግሞ የሚሰማውን ኩራት አስቢው። ወሎ ውስጥ አማርኛም ኦሮምኛም የሚሰማበት ቤት ብዙ ነው፤ በኦሮምኛ የሚተርቱ አያት ካሉም ቅጃቸው፣ ልጃቸው ለጓደኞቹ ያስረዳ።

ሌላም አለ። የዶሮ ጩኸት፣ የባጃጅ ጡሩምባ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የቡና ሙቀጫ ቅጂ። አጫውቺና «ምንድን ነው?» በያቸው። እንቆቅልሽ ነው፤ ጆሮ ያሠለጥናል፤ ድምፅ መለየት ደግሞ ፊደል ለመቁጠር መሠረት ነው። ወደ ትምህርት ቤት ስትመጪ ሱቅ ላይ የተጻፉ ትልልቅ ፊደላትን ፎቶ አንሺ። አንዱን ፊደል ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ «ይሄን ዛሬ መንገድ ላይ ማን አየው?» ብትያቸው፣ በማግስቱ እየተሽቀዳደሙ ነው የሚነግሩሽ።

ከመጀመርሽ በፊት ስልኩን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጊው። ተረቱ መሐል ስልክ ከተደወለ ልጆቹን መመለስ ከባድ ነው።

መዋለ ሕፃናት ከፍቻለሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ ታብሌት ልግዛ እያሰብኩ ነው። ወንጪ ላይ ልጆች ያለ አስተማሪ በታብሌት ተምረዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ይመክሩኛል? (ደሴ)

ጋሼ፣ አይግዙ።

የሰሙት ነገር ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ታብሌት ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል መዝፈን ጀመሩ። ግን እነዚያ ልጆች መምህር ያልነበራቸው ናቸው። እርስዎ ጋ መምህር አለ። ገንዘቡን እሷ ላይ ያውሉት።

የእኛ ፊደል 33 ሆኖ ሰባት ሰባት ቤት አለው፤ 231 ቅርጽ ማለት ነው። ይሄን የሚጽፍ እጅ ጭቃ ሲያቦካ፣ አሸዋ ላይ ሲጽፍ፣ ጠመኔ ሲጨብጥ ነው የሚጠነክረው። መስታወት ላይ ጣት ማንሸራተት ያንን ጥንካሬ አይሰጠውም። ለመምህሯ አንድ ታብሌትና አንድ ጥሩ ስፒከር ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ይሠራሉ። በቀረው ደሴ ካሉት አናጺዎች አንዱን የእንጨት መገጣጠሚያ መጫወቻ ያሠሩት።

የልጄ መምህርት የምርቃታቸውን ቪዲዮ ከነስማቸው ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ብናገር ደስታዋን የማበላሽባት መሰለኝ። (አባት፣ ኮምቦልቻ)

ይናገሩ። የልጁ ፊት፣ ስሙና የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም አንድ ላይ ሲወጡ፣ የት እንደሚውል ለማያውቁት ሰው ሁሉ መንገር ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ትምህርት ቤቱ ከወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ መቀበል ይልመድ። ቪዲዮውን የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ግሩፑን የከፈተው ሰው ይዘቱ እንዳይቀመጥና ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ መዝጋት ይችላል።

ሞግዚት ነኝ። ወላጆች የሚዘፍኑ፣ መብራት የሚያበሩ መጫወቻዎች ይልካሉ። ችግር አላቸው?

ትልቁ ችግር ባትሪው ነው። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን ትንሿን ባትሪ ልጅ ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከቀረች፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። የባትሪው ክዳን በብሎን ያልታሰረ መጫወቻ ክፍል አይግባ። የቴሌቪዥኑን ሪሞትም እይው። ልጅ ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ እንዲያስመልስ አታድርጊ፤ እስኪያመውም አትጠብቂ። መጫወቻውን ይዘሽ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰጂው፤ ባትሪ መሆኑን ተናገሪና ራጅ ይነሳ።