«ተርቡን እኛ አላመጣነውም»

ጥያቄ፦ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ጣሪያው ጥግ የተደረደረ ካርቶን ሳወርድ ተርቦች አንገቴን ነደፉኝ። ጉሮሮዬ አብጦ መተንፈስ አቃተኝና ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። አሠሪዬ «ተርቡን እኛ አላመጣነውም፤ ችግሩ የአንተ አለርጂ ነው» ብሎ የሕክምና ወጪዬንም የቀረሁበትን ደመወዝም ከለከለኝ። ጎጆው እዚያ እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር። ልክሰስ?

መልስ፦ እንኳን ተረፉ። የአሠሪዎ መከራከሪያ ብዙ አያስኬድም። በብዙ አገሮች ሕግ ለካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱ እንጂ ተርቡን ማን አመጣው የሚለው አይደለም። አለርጂም ቢኖርብዎ ከሠራተኛነት አያወጣዎትም። ዝርዝሩን የአገርዎን የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይይልዎት።

እኔን ያሳሰበኝ ያልጻፉት ነው። ደብዳቤዎን ሁለቴ ባነበውም አደጋውን ለአለቃዎ ያሳወቁበትን ቀን አጣሁት። «ሁሉም ያውቅ ነበር» ሲሉስ ለማን ነገሩ? በቃል ነው በጽሑፍ? አላስመዘገቡም ብዬ እገምታለሁ፤ ይህን ማድረግ ነበረብዎ።

ሰው ከመሰላል ቢወድቅ ግቢው ሁሉ ይሯሯጣል፣ አደጋውም ይመዘገባል። ተርብ ሲነድፈው ግን «ለዚች ብዬ» ብሎ ዝም ይላል፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርስም «አለርጂዬ ተነሣብኝ» ይላል። አንድ ደንበኛዬ ይዞልኝ የመጣው ካርድ ላይ የሰፈረው «አለርጂ፣ የፊት እብጠት» ብቻ ነበር። ተርብ የለ፣ የሥራ ቦታ የለ፣ ሰዓት የለ። እብጠት በቀናት ይጎድላል፤ ተርብ ደግሞ እንደ ንብ መንደፊያውን ቆዳ ውስጥ ትቶ አይሄድም። ችሎት የምትቀርበው ያቺ አንዲት መስመር ናት፤ እሷም የምትመሰክረው ለአሠሪው ነው።

ስለዚህ ክሱ ጥቂት ይቆይ እንጂ ማስረጃው አይደር፤ አደጋውን የማሳወቂያና የይርጋ (ክስ የማቅረቢያ) ጊዜም እየቆጠረ ነው። የደረሰብዎን ዛሬውኑ በጽሑፍ አስገብተው ቅጂው ላይ ያስፈርሙ። ቀኑን ወደ ኋላ እንዳይጽፉ፤ እውነተኛውን ጉዳይ የሚገድለው እሱ ነው። ከሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍሉን ጨምሮ የሙሉ ካርድዎን ቅጂ ይጠይቁ። አብረዎት የነበሩትን ስም ይያዙ። ጎጆውንም ሌሎች ከማቃጠላቸው በፊት ከሩቅ ፎቶ ያስነሡት። «ተስማምተናል» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልዎ ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ።

ከዚህ በፊትስ ተነድፈው እንዲህ ሆነው ያውቃሉ? እንዲህ ያለ አለርጂ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ከደረሰ ንድፊያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ የአሠሪዎ ጠበቃም ይህን መጠየቁ አይቀርም። ለራስዎ ጠበቃ አስቀድመው ይንገሩ።

ጎጆው ካልተነሣ ወደዚያ ጥግ አይመለሱ። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 በቂ ምክንያት ኖሮት ከከባድና ከቅርብ አደጋ የራቀን ሠራተኛ ይጠብቃል፤ አገርዎ ማጽደቋን ጠበቃዎ ያጣራ። እምቢ ሲሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡ፣ ቅጂውንም ቤትዎ ያስቀምጡ።