ባለሁለት ደረጃ የባዮኢኩቫለንስ ጥናት፦ ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

ብዙ ጥያቄ ነው የመጣው። ባዮኢኩቫለንስ ጥናት አንድ መድኃኒት ከነባሩ ጋር ደም ውስጥ በእኩል መጠን መግባቱን የሚፈትሽ ነው፤ ባለሁለት ደረጃ ሲሆን ደግሞ በተወሰነ ሰው ተጀምሮ፣ ካስፈለገ ሰው ይጨመርበታል። አንድ በአንድ እሄዳለሁ።

ለምን ሁለት ደረጃ? በቂ ሰው ይዞ አንዴ መጨረስ አይሻልም?

መድኃኒቱ በአንድ ሰው ላይ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ፣ ማለትም ሲቪው፣ አስቀድሞ ከታወቀ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ግን በደንብ አይታወቅም። ሬሾውን (የሁለቱን መድኃኒቶች የደም ውስጥ መጠን ንጽጽር) 0.95፣ ፓወሩን (እኩል የሆነ መድኃኒት የሚያልፍበትን ዕድል) 80 በመቶ ብለህ ለተለመደው ክሮስኦቨር (እያንዳንዱ ሰው ሁለቱንም በየተራ ለሚወስድበት ጥናት) ስታሰላ፣ ሲቪው 20 በመቶ ከሆነ 20 ሰው ይበቃሃል። 30 በመቶ ከሆነ ግን 40 ሰው ያስፈልግሃል! ግምትህ ከሳተ ወይ ጥናቱ ይወድቃል፣ ወይ ጤነኛ ሰዎችን ያለ አስፈላጊነቱ መድኃኒት አውጠህ ደማቸውን ትቀዳለህ።

መጀመሪያ ካላለፈ ሰው ጨምሬ በዚያው በ90 በመቶ ኢንተርቫል (ሬሾው ያለበትን ክልል በሚገምተው፣ ሙሉ በሙሉ በተፈቀደው ወሰን ውስጥ ከሆነ በሚያሳልፈው) ብፈትሸው ምን አለበት?

ዋናው ነገር ይሄ ነው እህቴ። አልፋ 5 በመቶ ስንል፣ እውነተኛ ሬሾው ከ80.00–125.00 በመቶ ወሰን ውጭ የሆነ መድኃኒት በስህተት የሚያልፍበት ዕድል ከ5 በመቶ አይብለጥ ማለታችን ነው። ሁለቴ ካየሽው ግን ሁለት ዕድል ሰጠሽው፣ ስህተቱም ያድጋል፤ ያንን መድኃኒት የሚውጠው ደግሞ በሽተኛ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ደረጃ አልፋውን ወደ 0.0294 እናወርዳለን፣ ኢንተርቫሉም 94.12 በመቶ ይሆናል። ቁጥሩ የስታቲስቲክስ ባለሙያው የፖኮክ ነው፣ ከ1977። ዳያን ፖትቪንና ባልደረቦቿ በ2008 ለባዮኢኩቫለንስ በሲሙሌሽን (ኮምፒውተር በፈጠራቸው ብዙ የሙከራ ጥናቶች) ፈተሹት።

የእነ ፖትቪን ዘዴ ቢ እና ሲ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ቢ መጀመሪያ በ0.0294 ይፈትሻል። ካለፈ አለቀ። ካላለፈ ፓወሩን ያያል፤ 80 በመቶ ከደረሰ ወድቋል፣ ካልደረሰ ሁለተኛው ደረጃ ይቀጥላል። ሲ ግን ከፓወሩ ይጀምራል፤ በቂ ከሆነ በሙሉው 0.05 ፈትሾ እዚያው ይቆማል፣ ካልሆነ ወደ 0.0294 ይሄዳል። የሲ ስህተት በሲሙሌሽን ከ5 በመቶ በጥቂቱ የበለጠበት ቦታ አለ። ለአውሮፓ የሚቀርብ ከሆነ እኔ ቢን ነው የምመርጠው፤ የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ የ2010 መመሪያም በሁለቱም ደረጃ 94.12ን ተቀባይነት ያለው ምሳሌ አድርጎ ጠቅሶታል።

ሬሾው 0.88 ወጣብኝ። ለሁለተኛው ደረጃ በሱ ላስላ?

አይሆንም። በእነዚህ ዘዴዎች ከዳታው የምትወስደው ተለዋዋጭነቱን፣ ማለትም ሲቪውን፣ ብቻ ነው፤ ሬሾው 0.95 ሆኖ ይቆያል። ደንቡን ከቀየርክ ሲሙሌሽኑም አዲስ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ደረጃ ዳታ ይጣላል?

ኧረ አይጣልም! ይደመራል፣ ደረጃውም በትንተናው ሞዴል ውስጥ እንደ አንድ ተለዋዋጭ ይገባል።

ፕሮቶኮሉ ላይ ሳልጽፈው ጀምሬያለሁ፣ አሁን ባለሁለት ደረጃ ላድርገው?

ውጤቱን ካየህ በኋላ አይሆንም። አልፋው፣ የማቆሚያው ደንብ፣ የሰው ብዛቱ ስሌት፣ ሁሉም የመጀመሪያው ሰው መድኃኒቱን ከመውሰዱ በፊት መጻፍ አለበት። ይሄኛውን ባለአንድ ደረጃ አድርገህ ጨርሰው።