ሲቲዝን ከሆንኩ በኋላ ሊነጥቁኝ ይችላሉ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ሲቲዝን ከሆንኩ ቆየሁ፣ ባለቤቴ ግን ገና ግሪን ካርድ ላይ ናት። ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ዲፖርት ዲፖርት ነው፣ ቡና ላይ ደሞ ይብሳል፣ አንዱ ዜግነትህን ይነጥቁሃል ይላል፣ ሌላው አንዴ ከማልክ ማንም አይነካህም ይላል። የቱን ልመን? እናንተስ፣ አንድ አገር ዜግነት መንጠቅ ያለበት መቼ ነው ትላላችሁ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ይዘዋል። እናንተ ጋ መንግሥት ተነስቶ ዛሬ የሠራኸው አላማረኝም ብሎ አይነጥቅህም። አንድ ሰውዬ እስራኤል ሄዶ ምርጫ ላይ ድምፅ ሰጠ ተብሎ ዜግነቱ ሊቀር ሲል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ወዶ ካልተወው አይሆንም ብሎ ዘጋው። ክፍት የቀረው በር በዋናነት ዜግነቱን ስታወጣ ዋሽተህ ወይ ደብቀህ ከሆነ ነው፣ እሱም ፌደራል ፍርድ ቤት ቀርቦ ነው እንጂ ኦፊሰሩ ቢሮው ቁጭ ብሎ አይሰርዘውም። መጥፎው ነገር በፍትሐ ብሔር ሲከሱህ የጊዜ ገደብ የለውም፣ ጠበቃም መንግሥት አያቆምልህም። በ2025 ሰኔ ላይ ደሞ የፍትሕ መስሪያ ቤቱ ለእነዚህ ክሶች ቅድሚያ ስጡ የሚል መመሪያ አውጥቷል፣ ስለዚህ የቡናው ወሬ ከሜዳ አልተነሳም።

ቀልቤሳ ነገዎን ሰምተህ ይሆናል፣ በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ የከፍተኛ 9 (ከቀበሌ በላይ የነበረው አስተዳደር) ሊቀመንበር የነበረው። አሜሪካ ገብቶ አትላንታ ሆቴል ሲሠራ እዛው አስተናጋጅ የነበረች ሴት አወቀችው፣ ከፍተኛ 9 ውስጥ እሱ ባለበት ታስራ የተገረፈች ናት። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት፣ በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ተፈረደላቸው። ከዛስ? በ1995 ኢሚግሬሽን ዜግነት ሰጠው! ፍርድ ቤት አሰቃይቷል ያለውን ሰውዬ ሌላው መስሪያ ቤት አስምሎ ሸኘው፣ እኔ እስካሁን አይገባኝም። ዜግነቱ የተሰረዘው በ2004 ነው፣ ዲፖርት የሆነው ደሞ በ2006፣ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። እዚህ ኢትዮጵያ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር የጠበቀው።

እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። በሩ ላይ የሚያስከለክለውን ነገር ደብቆ የገባ ሰው ይነጠቅ፣ መጀመሪያውኑ የሚገባው አልነበረማ። ከገባ በኋላ ያጠፋ ግን እንደማንም ዜጋ ይታሰር እንጂ ዜግነት መንጠቅ ቅጣት መሆን የለበትም። ቅጣት ሲሆን ምን እንደሚመጣ ከኛ በላይ ማን ያውቃል፣ በ1998ቱ (እ.ኤ.አ.) ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ኢትዮጵያ 75 ሺህ ገደማ ኤርትራዊ የተባሉ ሰዎችን አባራለች፣ ብዙዎቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ በኤርትራ ነፃነት ሪፈረንደም ድምፅ መስጠታቸው ብቻ እንደ ማስረጃ ተቆጥሮ፣ ፍርድ ቤት ሳያዩ። ሕገ መንግሥቱ እኮ አንቀጽ 33 ላይ ዜጋ ያለፈቃዱ ዜግነቱ አይገፈፍም ይላል!

ይሄንንም እወቅ፣ የአሜሪካ ስትወስድ በኛ ሕግ የኢትዮጵያውን እንደተውክ ነው የሚቆጠረው፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ዜግነት አይደለም። ያኛው ቢሰረዝ ይሄኛው በራሱ አይመለስም።

የሚያሳስበኝ ያንተ ሳይሆን የባለቤትህ ነው። ግሪን ካርድ ላይ ያለ ሰው ስንት ዓመት ቢኖር እንኳን አንዳንድ ጥፋት ያስባርረዋል፣ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነኝ በዪና ትገላገያለሽ ሲሏት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታናግር እንዳትፈርም፣ ጥፋተኝነቱ ዲፖርት የሚያስደርግ ከሆነ የወንጀል ጠበቃዋ ራሱ የመንገር ግዴታ አለበት፣ በ2010 ተወስኗል። አንተ ደሞ የአሳይለም ኬዝም ካለህ ከሲቲዝንሽፕ ፎርሙ ጋር ኮፒውን ከኢሚግሬሽን ጠይቀህ አውጣ፣ ሁለቱ ላይ የጻፍከው ካልገጠመ ለጠበቃ እንጂ ቡና ላይ እንዳታወራው።