ማሸጊያ ክፍሉ በየት በኩል ነው?

«ጋሼ፣ ኳስ ሳቆም የሚሰጠኝ ነገር አለ እንዴ?»

የጠየቀኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከፍተኛ ሊግ ይጫወታል። ጉልበቱ ከዓምና ጀምሮ ያስቸግረዋል። «ኮንትራትህ ምን ይላል?» አልኩት። አላነበበውም። የፊርማው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ግን እስከ ሳንቲሙ ያውቃል።

እኔ ኳስ ተጫዋች ሆኜ አላውቅም። ኮምቦልቻ ውስጥ በሠራተኛ አስተዳደር፣ የሰው ማህደር ስከፍትና ስዘጋ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለዚህ እናንተ ወጣት ተጫዋቾች፣ ስለ ልምምድና ስለ አመጋገብ ከእኔ አትጠብቁ። ገንዘብ ቆጥቡ፣ ተማሩ፣ መጠጥ ይቅርባችሁ የሚለውንም እናቶቻችሁ ጨርሰውታል። የልጁ ጥያቄ ግን አንድ የማይወጣልኝ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ድሮ ክለብ ማለት መሥሪያ ቤት ነበር። ጦሩ፣ ፖሊሱ፣ ባንኩ፣ ፋብሪካው ቡድን ነበራቸው። ተጫዋቹ በወረቀት ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙን ከሠራተኛው ጋር ተሰልፎ ይቀበላል። የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የነበረው በዚህ አሠራር ነው። ይድነቃቸው ተሰማም ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ሲጫወቱ ኳስ እንጀራቸው አልነበረም። በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል። እንዲህ ዓይነት ሰው ግን በመቶ ዓመት አንድ ነው፤ እሳቸውን አይታችሁ አትጽናኑ።

እኔ በ1970ዎቹ በጀማሪ ጸሐፊነት የተቀጠርኩበት ፋብሪካም ቡድን ነበረው። ስሙን ባልጠራው ይሻላል። በቡድኑ ውስጥ አንድ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር። የእሱንም ስም አልጠራም፤ ልጆቹ እዚሁ ናቸው። ግራኝ ነው። ተከላካዩን ያልፈውና ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ደግሞ ሊያልፈው። አሰልጣኙ በዚህ ነገር ጨርቁን ሊጥል ይደርስ ነበር፤ ቲፎዞው ግን ለዚያች ቆም ማለት ነበር የሚመጣው። እኔም ጭምር።

ደሴ ሆጤ ሜዳ ልንጫወት ስንወጣ የኛ ልጆች ይቸገሩ ነበር። ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስታችሁ የሐረጎን ዳገት ስትጨርሱ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥታችኋል። ብርዱ አለ፣ ጉሙ አለ፣ ትንፋሽ ያጥራል። ደሴዎች ይህንን ስለሚያውቁ ገና ከመጀመሪያው ያሯሯጡናል። እሱ ብቻ ነበር ልብ ገዝቶ የሚጫወት። አንድ ጊዜ ኳሷን ማዕዘን ላይ ይዞ ሦስት ሰው እስኪከበው ድረስ ቆመ፤ የደሴ ቲፎዞ ራሱ አጨበጨበለት። ደሴ ሰው ለባላጋራ ሲያጨብጭብ ያኔ ነው ያየሁት።

እዚያው ሆጤ ላይ ነው ጉልበቱ የሄደው። ማንም አልነካውም፤ ብቻውን ሲዞር ነው የወደቀው። ወጌሻው አሸው፣ ጠቀለለው፣ በሳምንቱ መለሱት። ደግሞ ወደቀ። ያኔ ኮምቦልቻ ላይ ማን የጉልበት ቀዶ ሕክምና ያደርጋል? ለጥቂት ወራት ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ አንድ ጠዋት ቢሮ መጣና የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠየቀ።

ማህደሩን ከፍቼ የተየብኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ሳይ ጣቴ ቆመ። ይሄ ሁሉ ሕዝብ የሚያውቀው ሰው ቋሚ ሠራተኛ አልነበረም። ጊዜያዊ ነው። በየዓመቱ ክረምት ላይ ይሰናበታል፣ የውድድር ዘመኑ ሲጀመር እንደ አዲስ ይቀጠራል። አገልግሎቱ በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል ማለት ነው። የጡረታ መዋጮ አልተቆረጠም፤ ጡረታ የቋሚው ነበርና። የሥራ መደቡ ደግሞ «የምርት ማሸጊያ ክፍል ረዳት» ይላል።

ኃላፊዬ ጋ ይዤ ገባሁ። «ወረቀቱ የሚለውን ጻፍለት» አለኝ። ጻፍኩለት።

ተቀብሎ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ «ማሸጊያ ክፍሉ በየት በኩል ነው?» አለኝ። ቢሮው በሳቅ ፈነዳ፤ እሱም ሳቀ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ።

ከዚያ የኮምቦልቻ–ደሴ ታክሲ ረዳት ሆነ። ሰው መልስ አይቀበለውም ነበር፤ ለዓመት ያህል። በኋላ አዲስ ተሳፋሪ በዛ፣ የሚያውቀው ቀነሰ፣ መልስ መቁጠር ጀመረ። ጉልበቱ መቆም ሲከለክለው የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ይሄ አይደለም። የቡድኑ ሁለተኛ በረኛ፣ ብዙውን ጊዜ ወንበር ላይ የነበረው፣ አጎቱ የመምሪያ ኃላፊ ስለሆነ በቋሚነት ተቀጥሮ ነበር። ዛሬ ጡረታውን ይበላል። ደግ ሰው ነው፣ ሐሜት አይደለም። ግን ኮከቡ ባዶ እጁን ወጥቶ ወንበር ያሞቀው ጡረተኛ የሆነው በአንዲት ቃል ነው፤ «ጊዜያዊ»።

ይህ የኛ አገር ጉድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወይዘሮ ስህን ስንማር ፒስ ኮር የሚባሉ አሜሪካውያን መምህራን ነበሩ። አንዱ በባሕር ዛፍ እንጨትና በካልሲ ኳስ ቤዝቦል ሊያስተምረን ሞክሮ አልገባን አለ። መትቶ መሮጡ ገብቶናል፤ መቼ ቆም እንደሚባል ነው ያልገባን። ያንን ሳወራ ቨርጂኒያ ያለው የእህቴ ልጅ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ጡረታ አስረዳኝ። በዋናው ሊግ 43 ቀን በቡድኑ ዝርዝር ውስጥ የቆየ ተጫዋች የጡረታ መብት አለው። አሥር ዓመት የሞላው ሙሉውን ያገኛል። ደንቡ እንዲህ የላላው ግን በፈረንጆቹ 1980 ነው። ከዚያ በፊት አራት ዓመት መሙላት ግድ ነበር። ለውጡ ወደ ኋላ ስላልሠራ ከዚያ በፊት ሳይሞላላቸው የወጡት በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች ጡረታ አልባ ቀሩ። በፈረንጆቹ 2011 ነው በዓመት ቢበዛ 10 ሺህ ዶላር ይሰጣቸው የተባለው፤ እሱም ጡረታ አይባልም። የታችኛው ሊግ ልጆችም በማኅበር የታቀፉት በ2022 ነው። ለካስ የኛ ግራኝ ብቻውን አልነበረም። ልዩነቱ እነዚያ ዓመት ሙሉ ይጮሃሉ። የኛው ሳቀና ወጣ።

ወደ እናንተ ልመለስ። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ወጥቷል፤ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። አሥር ዓመት አገልግሎት ያለው፣ 60 ዓመት ሲሞላው የደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፤ ከአሥር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ይጨመርበታል። ስሌቱ በወረቀት ላይ ባለው ደመወዝ ነው። የፊርማው ገንዘብ፣ በፖስታ የሚሰጣችሁ፣ የማሸነፊያ ጉርሻው አይቆጠርም። ክለባችሁ መዋጮውን ገቢ ያደርግ እንደሆነ ሂሳብ ክፍሉን ጠይቁ፤ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁንም አሳዩኝ በሉ። አሰልጣኙን አትጠይቁ፤ እሱም ኮንትራቱ ሲያልቅ የሚሄድ ነው። ክለብ ስትቀይሩ መልቀቂያና የአገልግሎት ማስረጃ ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ። ወረቀቱ ላይ የሥራ መደባችሁ «ተጫዋች» ይበል።

የዛሬ ልጆች ግን ይገርሙኛል። ስለ ማድሪድና ስለ አርሴናል ዝውውር ጠበቃ ናችሁ፤ የራሳችሁ ዝውውር ላይ የምትፈርሙት ቆማችሁ ነው። የፊርማው ብር ግማሹ ስልክ ይሆናል፣ ግማሹ ቤቲንግ ቤት ይገባል። ፒያሳ ሳልፍ በቀን ብርሃን ወረፋ ይዛችሁ አያለሁ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እኛ ከእናንተ አንሻልም ነበር። እኛ ቤቲንግ ስላልነበረን ነው።

መቼ ይቆማል ለሚለው፣ ጉልበት ሁለት ጊዜ ከተናገረ ይበቃል ባይ ነኝ። ለጎረቤቴ ልጅም እንደዚያ አልኩት። ይህን ብዬ ግን እሁድ ጠዋት ጤና ቡድኖቹን ለማየት እወጣለሁ። ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚሮጡ ጎልማሶች ናቸው፤ እዚያ ላይ አቁሙ የሚል ምክር ከአፌ አይወጣም። አንዱ ግራኝ አለ፤ ሰው አልፎ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ምክሬን ብዙ አትመኑት። በወረቀቱ ጉዳይ ግን እመኑኝ።

ኮንትራት ያላችሁ፣ ያልገባችሁ አንቀጽ ካለ ይዛችሁ ኑ። ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ሴቶቹም ኑ፤ የሴቶች ቡድን ኮንትራት ደግሞ ከወንዶቹ ይብሳል ሲባል እሰማለሁ። ብቻ ፎቶ ኮፒ አስደርጋችሁ አምጡልኝ፤ በስልክ ያነሳችሁትን ዓይኔ አያነብም።